በምድጃው ዙሪያ ያለው ባዶ ቦታ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል፥ በወላጆች ቀን፥ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር






በእንዲህ ያለ በዓል ላይ ተማሪ ሲናገር ብዙውን ጊዜ ስለ ዕውቀት ክብር፥ ስለ አገር ፍቅር ወይም ስለ ወደ ፊቱ ተስፋ ይናገራል። እነዚህ ሁሉ መልካም አርእስት ናቸው። እኛ ግን ዛሬ ይዘን የቀረብነው አርእስት ከእነዚህ ዝቅ ያለ ይመስላል፤ የሚገኘውም በእናቶቻችን ማድ ቤት ውስጥ ነው። ይኸውም አዲስ ምድጃ ገዝተን ወደ ቤት ስናስገባ ከግድግዳው፥ ከካቢኔቱ፥ ከመጋረጃውና ከሰው መተላለፊያ ምን ያህል ርቆ መቆም እንዳለበት ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ምድጃ ለማቆም ደግሞ ንግግር ያስፈልገዋልን?» ብላችሁ ፈገግ ትሉ ይሆናል። ነገር ግን በፊዚክስ ክፍል ስለ ሙቀት የተማርነው ሁሉ በደብተራችን ላይ ብቻ ቢቀር፥ ለወላጆቻችን ድካም ምን መለስንላቸው? ትምህርት ከቤት ካልገባ ከበር የተመለሰ እንግዳ ነው። ስለዚህ ጥቂት ጊዜ እንድትታገሡን እንለምናለን።

አስቀድመን የእናቶቻችንንና የአባቶቻችንን ልማድ እንመልከት። በገጠር በብዙ ስፍራ ማድ ቤት ከመኖሪያው ቤት ተለይቶ ለብቻው ይሠራል። ጉልቻው፥ ምጣዱ፥ ማገዶው ሁሉ በዚያ ነው። ይህ አሠራር ጢሱን ከመኝታ ያርቃል፤ ክፉ ቀን መጥቶ እሳት ቢነሣም በማድ ቤቱና በትልቁ ቤት መካከል ያለው ግቢ ለሰውም ለንብረትም ማትረፊያ ጊዜ ይሰጣል። እንግዲህ አባቶቻችን የሙቀትን ነገር ከመጽሐፍ ባይማሩም፥ እሳትና ቤት ተጣብቀው መኖር እንደሌለባቸው ከኑሮ ተምረው ዐውቀውታል።

ዛሬ ግን የከተማ ኑሮ ይህን ርቀት አሳጥሮታል። በኮንዶሚኒየምና በኪራይ ቤት ማድ ቤቱ ከሳሎኑ ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል፤ አንዳንድ ጊዜም ግድግዳው ራሱ የለም። ቀድሞ በእርምጃ ይቈጠር የነበረው ርቀት አሁን በጣትና በስንዝር የሚለካ ሆኗል። ታላቁ የኅዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋልና፥ ከእንጨትና ከከሰል ወጥቶ በኤሌክትሪክ የማብሰል ተስፋችን ከፍ ብሏል። ይህ ለደኖቻችንም ለእናቶቻችን ዓይንና ሳንባም በጎ ነገር ነው። ዳሩ ግን «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» እንደሚባለው፥ ጉልቻው በብረት ምድጃ ቢለወጥ የእሳት ጠባይ አይለወጥም።

ከሌሎች አገሮች ታሪክም የምንማረው አለ። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1666 የለንደንን ከተማ ያቃጠለው ታላቅ እሳት የተነሣው ከአንድ ዳቦ ጋጋሪ ቤት ሲሆን፥ በጥቂት ቀናት ውስጥ 13,000 የሚያህሉ ቤቶችን በላ። እንደዚሁም አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1740ዎቹ መጀመሪያ ከግድግዳ ወጣ ብሎ በክፍል ውስጥ የሚቆም የብረት ምድጃ አሠርቶ ነበር። ይኸው ሰው ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፥ በ1736፥ በፊላደልፊያ ከተማ ከጎረቤቶቹ ጋር የእሳት አጥፊ ማኅበር አቋቁሞ ነበር። እሳትን ወደ ክፍሉ ያቀረበ ሰው እሳትን የሚከላከልበትንም ነገር ያሰበ መሆኑ ሊታወስ የሚገባው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በምድጃው ዙሪያ ያለው ባዶ ቦታ ትርፍ ቦታ አይደለም፤ የምድጃው አካል ነው። ማንም ሰው ምድጃ ገዝቶ እግሩን ወይም በሩን ከሱቅ ትቶ አይሄድም። እንደዚሁም ለባዶው ቦታ ሳያስብ ምድጃውን ብቻ ወደ ቤቱ ያስገባ ሰው፥ ጎዶሎ ምድጃ አስገባ ማለት ነው።

ምክንያቱን በአጭሩ እናስረዳ። ሙቀት ከአንዱ ስፍራ ወደ ሌላው የሚሄደው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው በመነካካት ነው፤ የብረት ማንኪያ በፈላ ድስት ውስጥ ሲቈይ እጀታው ይፋጃል። ሁለተኛው በአየር ነው፤ የሞቀ አየር እየቀለለ ወደ ላይ ስለሚወጣ፥ ከምድጃው በላይ የተሰቀለ ዕቃ ይበልጥ ይሞቃል። ሦስተኛው በጨረር ነው፤ የፀሐይ ሙቀት ባዶውን ጠፈር ዐልፎ እንደሚደርሰን ሁሉ፥ የጋለ ብረትም ሳይነካን ከሩቅ ያሞቀናል። ባዶው ቦታ ሦስቱንም ይቃወማል። መነካካትን ይከለክላል፤ የሞቀው አየር ወጥቶ ቀዝቃዛው እንዲተካ መንገድ ይሰጣል፤ ጨረሩንም ያደክማል። ከአንዲት ትንሽ የጋለች ነገር የሚወጣ ጨረር፥ ርቀቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳልና።

እንጨት ብዙውን ጊዜ በእሳት የሚያያዘው ሙቀቱ ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ነው። ብዙ ሰዎች «ካቢኔቱ ቢሞቅ እንጂ አይቃጠልም» ብለው የሚጽናኑት ስለዚህ ነው። ነገር ግን እንጨት በየቀኑ ለወራትና ለዓመታት ሲሞቅ፥ እርጥበቱን እያጣ ቀስ በቀስ ወደ ከሰልነት ይለወጣል፤ እንዲህ የሆነ እንጨት ከተለመደው ባነሰ ሙቀትም ሊያያዝ ይችላል። ስለዚህ «እስከ ዛሬ ምንም አልሆነም» የሚለው ቃል ለነገ ዋስትና አይሆንም። እንዲያውም ምድጃው የተጠጋው እንጨት በየምሽቱ ለእሳት እየተዘጋጀ ነው።

በሠፈራችን በአንድ ቤት የሆነውን እንንገራችሁ። ቤተ ሰቡ ዕቁብ ሲደርሳቸው አራት ማብሰያና አንድ ኦቨን ያለው ምድጃ ገዙ። አናጢውም የማድ ቤቱን ካቢኔት በቺፕውድ ሲሠራ፥ መልኩ እንዲያምርና ፍርፋሪ እንዳይገባ ብሎ፥ አንዲት ጣት እንኳ ሳያስቀር ከምድጃው ጎን አጣበቀው። ሥራው በጣም ያማረ ስለ ነበረ እንግዳ ሁሉ አመሰገነው። ከወራት በኋላ የቤቱ እመቤት ዳቦ በሚጋግሩበት ቀን ልዩ የሆነ ሽታ ይሸታቸው ጀመር። የካቢኔቱ ጠርዝ ሲጠቁር ጥላሸት መስሏቸው በሳሙና አጠቡት፤ አልለቀቀም። በመጨረሻ ልጃቸው ምድጃውን ወደ ፊት ስቦ ቢያይ፥ የቺፕውዱ ጎን ቡናማ ሆኖ፥ በኦቨኑ ትይዩ ያለው ስፍራ ደግሞ በጣት ሲነካ እንደ ከሰል ይፈረፈር ነበር። በማግሥቱ አናጢው ተጠርቶ ካቢኔቱን በስንዝር አሳጠረው፤ ሽታውም ጠፋ። በዚያ ቤት አምስት ልጆች ያድራሉ። የጠፋው አንድ ስንዝር ቺፕውድ ነው፤ የቀሩት ግን አምስት ልጆች ናቸው።

እንግዲህ ርቀቱ ስንት ይሁን? ከሁሉ የሚቀድመው ከምድጃው ጋር የመጣው የፋብሪካ መመሪያ ነው፤ አንዱ ምድጃ ከሌላው በአሠራር ይለያልና። እናቶቻችንና አባቶቻችን ሆይ፥ ይህ መመሪያ ብዙ ጊዜ በውጭ አገር ቋንቋ ስለሚጻፍ ከካርቶኑ ጋር ይጣላል። እባካችሁ አትጣሉት። እናንተ ከጉርሳችሁ ቀንሳችሁ የውጭ ቋንቋ ያስተማራችሁን ልጆቻችሁ እናነብላችኋለን። በሥዕሉ ላይ በሚሊሜትር የተጻፈውን ቍጥር ለ10 አካፍሎ ወደ ሳንቲሜትር መለወጥ ለታናናሾቻችን እንኳ የሚከብድ ሒሳብ አይደለም። መመሪያው የጠፋበት ቤት ግን የሚከተለውን ልብ ቢል ይበጃል።

አንደኛ፥ ከላይ። በአሜሪካ ያለው የቤት ሥራ ደንብ በማብሰያው ፊትና ከበላዩ በተሰቀለው የእንጨት ካቢኔት መካከል ቢያንስ 76 ሳንቲሜትር ባዶ ቦታ እንዲኖር ያዛል፤ በእኛ መለኪያ አንድ ክንድ ተኩል ያህል ነው። ካቢኔቱ ከሥሩ በማይቃጠል ሰሌዳና በላሜራ ከተሸፈነ እስከ 61 ሳንቲሜትር መቅረብ ይፈቀድለታል። ይህ ርቀት የሚጠቅመው ለዕለቱ ሙቀት ብቻ አይደለም፤ በመጥበሻ ላይ ያለ ዘይት አንድ ቀን ቢያያዝ ነበልባሉ ወደ ላይ ይዘላል። ስለዚህ ኮርኒሱ ከአቡጀዲ ወይም ከፕላስቲክ የሆነ ቤት ይበልጥ መጠንቀቅ ይገባዋል። ጢስና እንፋሎት የሚስብ መሣሪያ ከበላዩ የሚሰቀል እንደ ሆነም ርቀቱን የሚወስነው የራሱ መመሪያ ነው፤ ለጋዝ ምድጃ ብዙ ጊዜ ከ65 እስከ 75 ሳንቲሜትር ይጠይቃል።

ሁለተኛ፥ ከጎን። ከማብሰያው ፊት ከፍ ብሎ የሚቆም የእንጨት ግድግዳ ወይም ረዥም ካቢኔት አንድ ስንዝር፥ ማለት 20 ሳንቲሜትር ያህል፥ ቢርቅ መልካም ነው። ከማብሰያው ፊት በታች ያለው የአንዳንድ ምድጃ ጎን በውስጡ ሙቀት መከላከያ ስላለው ካቢኔት ሊጠጋው ይችላል፤ ይህን የሚፈቅደው ግን መመሪያው ነው እንጂ አናጢው አይደለም። መጋረጃን በሚመለከት፥ ርቀቱ የሚለካው መጋረጃው ጸጥ ብሎ በተንጠለጠለበት ጊዜ ሳይሆን፥ መስኮት ተከፍቶ ነፋስ ሲያነሣው እስከሚደርስበት ድረስ ነው። ፎጣና የእጅ መያዣ ጨርቅም እንደዚሁ ከምድጃው በላይ አይሰቀሉ።

ሦስተኛ፥ ከኋላ። ብዙ ኦቨኖች የሞቀ አየራቸውን ከኋላ በኩል ወይም ከማብሰያው ጀርባ ይተነፍሳሉ። ምድጃውን ገፍቶ ከግድግዳ ጋር ማጣበቅ አፍና አፍንጫውን እንደ ማፈን ይቈጠራል። ደግሞም የኤሌክትሪኩ ገመድ ወይም የጋዙ ጎማ በምድጃውና በግድግዳው መካከል ተጨፍልቆ የጋለውን ብረት እንዳይነካ፥ አስቀድሞ በጎን በኩል መንገድ ሊበጅለት ይገባል።

አራተኛ፥ ከፊት። ከምድጃው ፊት አንድ ሜትር ያህል ነጻ ሥፍራ ይኑር። የኦቨኑ በር ሙሉ በሙሉ ሲከፈት እናታችን የጋለ መጋገሪያ ይዘው ወደ ኋላ የሚመለሱበት ቦታ ያስፈልጋልና። ይህ አንድ ሜትር ምግብ በሚበስልበት ጊዜ ሕፃናት የማይገቡበት ክልል ይሁን፤ በወለሉ ላይ በቀለም መሥመር ቢሰመር ትንሽ ልጅ እንኳ ቶሎ ይማረዋል። ምድጃውን ከበር አጠገብ ማቆም ደግሞ ሁለት ጉዳት አለው፤ የሚገባ ሰው ድስቱን ይገፋል፤ እሳት ቢነሣም የመውጫውን መንገድ ይዘጋል።

በዚህ ላይ አንድ የተሠወረ አደጋ እንጨምር። ሕፃን ልጅ የተከፈተውን የኦቨን በር እንደ ደረጃ አድርጎ ቢወጣበት፥ ምድጃው ከነፈላው ድስት ወደ ፊት ሊገለበጥ ይችላል። በአሜሪካ ከ1991 በፈረንጆች አቈጣጠር ወዲህ በወጣው ደረጃ መሠረት ከምድጃው ጋር ከግድግዳ ወይም ከወለል የሚያያዝ ማሰሪያ ይመጣል። በካርቶኑ ውስጥ ጥቅሙ ያልታወቀ የብረት ቍራጭ ከብሎኖች ጋር ብታገኙ፥ ምናልባት ይኸው የልጆቻችሁ ጠባቂ ሊሆን ስለሚችል አትጣሉት።

የኤሌክትሪክ ምጣድም በራሱ እግር የሚቆም ምድጃ መሆኑን አንርሳ። ምጣዱ ከግድግዳ ሊርቅ እንደሚገባው ሁሉ፥ የጋለው አክንባሎ ሲነሣ የሚያርፍበት ቦታም አስቀድሞ ይታሰብ፤ ከካቢኔት ወይም ከፕላስቲክ ባልዲ ጋር ተደግፎ መቆም የለበትም። በአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል 220 ቮልት ነው። አንድ ምጣድ 3,500 ዋት የሚወስድ ቢሆን፥ 3,500ን ለ220 ስናካፍል 16 አምፔር ገደማ ይሆናል። ይህን ያህል ኃይል ለሬድዮና ለስልክ በተዘረጋ ቀጭን ገመድ ማሳለፍ፥ ምድጃውን ከግድግዳ አርቆ እሳቱን በግድግዳው ውስጥ እንደ መቅበር ያህል ነው። ስለዚህ ምጣድም ሆነ ትልቅ ምድጃ ባለሙያ የዘረጋው የራሱ መሥመርና የራሱ ብሬከር ይኑረው።

የጋዝ ምድጃ ያላችሁ ደግሞ የምታበስሉበት ጋዝ ከአየር እንደሚከብድ ዕወቁ። ቢያፈተልክ ወደ ላይ አይበንንም፤ እንደ ውሃ ወደ ወለሉ ወርዶ ይተኛል። ስለዚህ ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ፥ ከኦቨኑ ሙቀት ርቆ፥ አየር በሚያገኝ ስፍራ ይቁም። ጎማው ማፈትለኩ የሚመረመረው በሳሙና አረፋ ነው፤ በክብሪት መመርመር የመጨረሻ ምርመራ ሊሆን ይችላል። ሽታ ከተሰማ ሲሊንደሩ ይዘጋ፤ መብራት ሳይበራና ሳይጠፋ በርና መስኮት ይከፈት፤ ሰውም ይውጣ።

አሁን አንዳንድ ወላጆቻችን በልባቸው የሚጠይቁት ይሰማናል፤ «ልጆቼ፥ የእኛ ማድ ቤት አራት ካሬ እንኳ አይሞላም፤ ይህን ሁሉ ርቀት ከየት እናምጣ?» ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ አንሸሸውም። መልሳችን ሦስት ነው። የመጀመሪያው፥ ምድጃው ከመገዛቱ በፊት ቦታው ይለካ፤ ለጠባብ ማድ ቤት ሁለት ማብሰያ ያለው ትንሽ ምድጃ፥ በደንብ ከቆመ፥ ተጨናንቆ ከቆመ ባለ አራት ይሻላል። ሁለተኛው፥ ቦታ ከጠበበ የሚቀነሰው ካቢኔቱ ነው እንጂ ባዶው ቦታ አይደለም።

ሦስተኛው ጋሻ ማበጀት ነው፤ እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ላሜራ ከእንጨቱ ጋር አጣብቆ መምታት፥ ወይም በእንጨት ላይ ሴራሚክ መለጠፍ እንጨቱን አያድነውም፤ ሙቀቱ በላሜራውና በሴራሚኩ ዐልፎ ይደርስበታልና። ላሜራው ከግድግዳው 2 ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ተነጥሎ፥ ከታችና ከላይ አየር እንዲገባና እንዲወጣ ተከፍቶ መቆም አለበት። በአሜሪካ የእንጨት ማሞቂያ ምድጃ ከሚቃጠል ግድግዳ 91 ሳንቲሜትር እንዲርቅ ሲያዝዙ፥ እንዲህ ያለ ጋሻ በትክክል ከተሠራ ግን እስከ 30 ሳንቲሜትር እንዲቀርብ ይፈቅዳሉ። ልብ በሉ፤ እዚህም ቤቱን የሚያድነው ብረቱ ብቻ አይደለም፤ ከብረቱ ጀርባ ያለው ባዶ ቦታ ነው።

ሌላው ቅሬታ «ክፍተቱ ፍርፋሪና በረሮ ይሰበስባል» የሚል ነው። ይህም እውነት ነው። ነገር ግን ፍርፋሪ በረዥም መጥረጊያ ይወጣል፤ የተቃጠለ ቤት ግን በመጥረጊያ አይመለስም። በሳምንት አንድ ቀን ከምድጃው ጎንና ጀርባ መጥረግ የእኛ የልጆቻችሁ ሥራ ይሁን። ቅባትና አቧራ በዚያ ከተጠራቀመ እሳት የሚመገበው ነገር አገኘ ማለት ነውና፥ ንጽሕናውም የርቀቱ ክፍል ነው።

ርቀት ተጠብቆም የመጥበሻ ዘይት ቢያያዝ ውሃ አይፈሰስበት፤ ውሃው ወዲያው እንፋሎት ሆኖ የሚነደውን ዘይት ይረጨዋል። ምድጃው ይጥፋ፤ መጥበሻው በክዳኑ ይታፈን፤ እስኪበርድም አይነካ።

የተወደዳችሁ ጓደኞቻችን፤ ዛሬ ማታ ከዚህ በዓል ስንመለስ እያንዳንዳችን አንድ ሜትር ይዘን በቤታችን ምድጃ ዙሪያ እንለካ። የአባት ስንዝርና የልጅ ስንዝር አንድ አይደለምና በእጅ አንገምት። ከላይ፥ ከጎን፥ ከኋላና ከፊት ያገኘነውን አራት ቍጥር በወረቀት ጽፈን፥ ከመመሪያው ጋር አስተያይተን፥ ለወላጆቻችን በትሕትና እናንብብላቸው። በኪራይ ቤት የምንኖርም ብንሆን መጋረጃ ለማራቅና ምድጃን ከበር ለማንሣት የባለቤቱን ፈቃድ መጠበቅ አያሻንም። ማንበብ የማትችል አያት ያለችበት ጎረቤትም ቢኖር የእርሷን መመሪያ አብረን እናንብብ።

ወላጆቻችን ሆይ፤ እናንተ ብርሃን እንድናይ ብላችሁ ወደ ትምህርት ቤት ላካችሁን። ያገኘነው ብርሃን ማድ ቤታችሁን የማያሳይ ከሆነ ገና አልበራም። «ሳይቃጠል በቅጠል» ያላችሁን እናንተ ናችሁ፤ እኛ ዛሬ የጨመርነው ቍጥሩን ብቻ ነው።

እግዚአብሔር ቤታችሁን ይጠብቅ፤ ትምህርት ቤታችንንም ለብዙ ዘመን ያኑርልን።